ጀርባውን ስላዞረው መጽሐፍ፦ ስለ ቀራጺዋ ሬቸል ኋይትሪድ ሥራዎች

መጽሐፍ የሚጻፈው ሊነበብ ነው፤ ይህን ለተማሪ ማስረዳት አያስፈልግም። ዳሩ ግን መጽሐፍ ከመነበቡ በፊት ዕቃ ነው። ክብደት አለው፤ ውፍረት አለው፤ ፊትና ጀርባ አለው፤ በመደርደሪያ ላይ የሚይዘው ቦታ አለው። በቤተ መጻሕፍት ውስጥ ስንዘዋወር መጽሐፍን የምናውቀው በጀርባው ነው፤ ስሙ የተጻፈው፣ ቁጥሩም የተለጠፈው እዚያ ላይ ነውና። አንድ ችኩል አንባቢ መጽሐፉን ገልብጦ፣ ይኸውም ጀርባውን ወደ ውስጥ፣ የወረቀቱን ጠርዝ ወደ ውጭ አድርጎ ቢመልሰው፣ መጽሐፉ በቦታው እያለ እንደ ጠፋ ይቆጠራል። ፈላጊው በፊቱ ያልፋል፤ ወይም ነጩን ጠርዝ አይቶ ይቆምና እጁን ሰዶ፣ ስቦ አውጥቶ ያዞረዋል።

እንግሊዛዊቷ ቀራጺ ሬቸል ኋይትሪድ ይህንኑ ትንሽ ነገር፣ ማለት ጀርባውን ያዞረውን መጽሐፍ፣ ወስዳ ከሥራዎቿ ሁሉ ከባድ የሆነውን ሠርታበታለች። ሥራው በኦስትሪያ ዋና ከተማ በቪዬና የቆመ መታሰቢያ ነው። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የምንፈልገው፣ ሊነበብ የማይችል መጽሐፍ ምን ሊናገር ይችላል የሚለውን ነው። እንዲሁም አንድ ከተማ ለተገደሉት ከ65,000 በላይ አይሁድ መታሰቢያ ሲያቆም፣ የሰው ምስል ትቶ የመጽሐፍን ቅርጽ የመረጠበትን ምክንያት እንመለከታለን። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢው ይገንዘብልን።

ኋይትሪድ በ1963 በሎንዶን ምሥራቃዊ ዳርቻ በኢልፎርድ ተወለደች። እናቷ ሠዓሊ ነበረች፤ አባቷ የጂኦግራፊ መምህር። በመጀመሪያ በብራይተን ሥዕል፣ ቀጥሎም እስከ 1987 ድረስ በሎንዶኑ የስሌድ ትምህርት ቤት ቅርጻ ቅርጽ ተማረች። ስለ ሕይወቷ ከዚህ የበለጠ ማለት ለጉዳያችን አያስፈልግም፤ የአሠራር ዘዴዋን ግን ጠንቅቆ መረዳት ይገባል፤ ያለ እርሱ የቪዬናው ሥራ አይገባምና።

የአንጥረኛን ሥራ በቅርብ ያየ ሰው የዘዴውን መሠረት ያውቀዋል። አንጥረኛው መስቀል ሲሠራ አስቀድሞ መስቀሉን በሰም ይቀርጻል፤ ሰሙን በጭቃ ይሸፍናል፤ ጭቃው በእሳት ሲጠነክር ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ ሰሙ በለቀቀው ባዶ ቦታ ወርቁ ይፈስሳል። ጭቃው ተሰብሮ ሲወጣ ወርቁ የሰሙን መልክ ይዞ ይገኛል። ሰምና ወርቅ የተባለው ቅኔያችን ስሙን ያገኘው ከዚሁ ሙያ ነው። ኋይትሪድ ግን ሰም አትሠራም። ሰዎች የተገለገሉበትን ተራ ዕቃ፣ አልጋ ወይም ቁም ሣጥን ወይም የገላ መታጠቢያ ገንዳ፣ ራሱን እንደ ፎርማ ትጠቀምበታለች። በውስጡ ወይም በሥሩ ጀሶ ታፈስሳለች፤ ጀሶው ሲደርቅ ዕቃውን ታነሣዋለች። ስለዚህ በእጅ የሚቀረው አልጋው አይደለም፤ ከአልጋው ሥር የነበረው ባዶ ቦታ ነው። አየር የነበረው ድንጋይ ይሆናል፤ ድንጋይ ወይም እንጨት የነበረው ይጠፋል።

ዘዴውን የፈጠረችው እርሷ ናት ማለታችን አይደለም። አሜሪካዊው ብሩስ ናውማን በ1960ዎቹ ከወንበሩ ሥር ያለውን ቦታ በሲሚንቶ አውጥቶ አሳይቶ ነበር። ናውማን ግን ሐሳቡን ነክቶ አለፈ፤ ኋይትሪድ የዕድሜ ልክ ሙያ አደረገችው። በ1988 የቁም ሣጥን ሆድ በጀሶ አውጥታ ጥቁር የሱፍ ጨርቅ አለበሰችው፤ በልጅነቷ ቁም ሣጥን ውስጥ ተደብቃ ያየችውን ጨለማ ለማሳየት ነበር። በ1990 በሰሜን ሎንዶን ከሚገኝ አሮጌ ቤት የአንዱን ክፍል አየር በሙሉ በጀሶ አወጣች፤ የእሳት ምድጃው ወደ ውጭ ተገልብጦ ጥቀርሻው በጀሶው ላይ ቀርቶ ይታያል። ሥራውን «መንፈስ» ብላ ሰየመችው። በ1993 ደግሞ በምሥራቅ ሎንዶን ሊፈርስ በተወሰነበት ሰፈር የቀረ አንድ ሙሉ ቤት አግኝታ በውስጡ አርማታ አስረጨች፤ ከዚያም ግድግዳው ሁሉ ተነቅሎ ተጣለ። ሕዝቡ ሁለት ሆኖ ተከራከረ። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር የተርነርን ሽልማት ተቀበለች፤ ይህን ሽልማት ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት እርሷ ናት። በዚያው ቀን ሌሎች ሰዎች የዓመቱ መጥፎ አርቲስት ብለው እጥፍ ገንዘብ፣ 40,000 ፓውንድ፣ ሸለሟት። ቤቱም ብዙ አልቆየም፤ በጥር 1994 በከተማው አስተዳደር ውሳኔ ፈረሰ።

ወደ መጻሕፍት የመጣችው ከዚህ በኋላ በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው። መጻሕፍቱ በመደርደሪያ ላይ እንደ ቆሙ ጀሶ በዙሪያቸው ይፈስሳል። ሲጠነክር መደርደሪያውም መጻሕፍቱም ይወጣሉ። የሚቀረው ነጭ ግድግዳ ነው፤ በግድግዳው ላይ መጻሕፍቱ የቆሙበት ቦታ ጎድጉዶ፣ የወረቀቶቹ ጠርዝ እንደ ጥሩ እርሻ ትልም በትልም ሆኖ ታትሞ ይታያል። ወፍራሙና ቀጭኑ፣ ረጅሙና አጭሩ፣ የተጣመመውም ሳይቀር ይለያል። በአንዳንዶቹ ሥራዎች ላይ ከርካሽ መጻሕፍት የወረቀት ጠርዝ የለቀቀ ቀለም ወደ ጀሶው ሰርጎ፣ እዚህ ቀላ ያለ፣ እዚያ ቢጫ የመሰለ ጭላንጭል ትቷል። ከመጽሐፉ የቀረው ይህ ብቻ ነው፤ አንድም ፊደል የለም።

ከእነዚህ ሁሉ ታላቁ በ1997 የተሠራው፣ የተራ ርካሽ መጻሕፍት መደርደሪያ ክፍል ነው። በዚያ ዓመት ኋይትሪድ በቬኒስ ትርኢት እንግሊዝን ወክላ ቀርባ ነበር፤ ሥራው ዛሬ በኒውዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ይገኛል። ሰው ወደ ክፍሉ ሲገባ በአራት ማዕዘን የመደርደሪያ ረድፍ ይከበባል፤ ግን የሚያየው መጻሕፍትን አይደለም፣ መጻሕፍት የነበሩበትን ነው። የሥራዎቿ አሰያየም እዚህ ላይ ሳንጠቅሰው የማናልፈው ነገር ነው። አብዛኞቹ «ርእስ የሌለው» ይባላሉ። ይህ በዘመናዊ ሥነ ጥበብ የተለመደ ስም ስለሆነ ብዙ ጊዜ ሳናስተውለው እናልፋለን። የመጽሐፍ መደርደሪያ «ርእስ የሌለው» ሲባል ግን ቃሉ በትክክል እውነት ሆኖ ተገኘ።

አሁን ወደ ቪዬና እንሂድ።

መጋቢት 12 ቀን 1938 የሂትለር ጦር ኦስትሪያ ገባ። በቀጣዮቹ ቀናት በቪዬና ከተማ አይሁድ ወንዶችና ሴቶች፣ ሐኪሙም ነጋዴውም፣ ከቤታቸው እየተጎተቱ ወጥተው ተንበርክከው መንገድ በብሩሽ እንዲያጥቡ ተገደዱ፤ ጎረቤቶቻቸው ቆመው ይስቁባቸው ነበር። ከሃምሳ ዓመት በኋላ በ1988 ኦስትሪያዊው ቀራጺ አልፍሬድ ህርድሊችካ በከተማው መካከል ጦርነትንና ፋሺዝምን የሚቃወም ሐውልት ሲያቆም፣ ከክፍሎቹ አንዱን ብሩሽ ይዞ የተንበረከከ የነሐስ ሽማግሌ አደረገው። ምስሉ ዝቅ ያለ ነው፤ መሬት ላይ ነው ያለው። ቀራጺው ቅን ሐሳብ ነበረው። የሆነው ግን ሌላ ነው። አገር ጎብኚዎች ደክሟቸው በሽማግሌው ጀርባ ላይ መቀመጥ ጀመሩ፤ እንዳይቀመጡበትም በጀርባው ላይ የእሾህ ሽቦ ተደረገበት። ብዙ አይሁድ በዚህ አዘኑ፤ ከሞት የተረፍነውን ለዘለዓለም በተንበረከክንበት አቆማችሁን አሉ። የናዚ ወንጀለኞችን በመከታተል የታወቀው፣ ራሱም ከማጎሪያ ካምፕ የተረፈው ሲሞን ቪዘንታል ሌላ መታሰቢያ እንዲሠራ ጥያቄ ያቀረበው በዚህ ምክንያት ነበር።

የሰው ምስል ያለበትን ችግር ከዚህ ታሪክ በግልጥ ማየት ይቻላል። የተዋረደን ሰው ውርደቱን እያሳዩ ማክበር አስቸጋሪ ነው። ተመልካቹ የሚያየው መከራውን ሳይሆን የመከራውን አቀማመጥ ነው፤ እርሱንም ሲለምደው ወንበር ያደርገዋል። ይህን የምንለው ህርድሊችካን ለመንቀፍ አይደለም፤ እጁ የጠነከረ ቀራጺ ነበር። ችግሩ የእጅ ሳይሆን የቅርጹ ነው ለማለት ነው።

ከተማው በ1995 ውድድር ከፈተ። ከተጋበዙት መካከል አሜሪካዊው አርክቴክት ፒተር አይዘንማን ይገኝበት ነበር። በአርክቴክት ሐንስ ሆላይን የሚመራው የዳኞች ጉባኤ በጥር 1996 ኋይትሪድን መረጠ። ቦታውም የአይሁድ አደባባይ ተብሎ የሚጠራው፣ በመካከለኛው ዘመን የከተማው አይሁድ ይኖሩበት የነበረው አነስተኛ አደባባይ ሆነ። መታሰቢያው በዚያው ዓመት ኅዳር 9 ቀን እንዲመረቅ ታስቦ ነበር፤ በ1938 በዚያ ሌሊት ምኩራቦች የተቃጠሉበት ቀን ስለሆነ።

ነገሩ ግን እንደ ታሰበው አልሆነም። ለመሠረቱ መሬቱ ሲቆፈር ከሥሩ የአሮጌ ምኩራብ ፍርስራሽ ተገኘ። ይህ ምኩራብ በ1421 የፈረሰ ነው። በዚያ ዘመን መስፍኑ አልብሬክት 5ኛ የቪዬናን አይሁድ አሰረ፣ ንብረታቸውን ወረሰ፣ ድሆቹን አባረረ፤ በምኩራቡ ውስጥ ተከበው የቀሩት እጅ ከመስጠት ራሳቸውን ገደሉ፤ የተረፉት ከሁለት መቶ በላይ ሰዎች መጋቢት 12 ቀን 1421 ከከተማው ውጭ በእሳት ተቃጠሉ። ቀኑ ሂትለር ከገባበት ቀን ጋራ አንድ መሆኑ አጋጣሚ ነው፤ ከዚያ በላይ ልንተረጉመው አንሻም። ከፈረሰው ምኩራብ የተወሰደው ድንጋይ ለቪዬና ዩኒቨርሲቲ ሕንፃ ሥራ እንደ ዋለ ግን በታሪክ ተመዝግቧል። እኛ በዩኒቨርሲቲ ግቢ የምንውል ሰዎች ይህችን ዓረፍተ ነገር ስናነብ ጥቂት መቆማችን አልቀረም።

ፍርስራሹ ከተገኘ በኋላ ክርክሩ ተባባሰ። አንዳንድ አይሁድ፣ ከመሬት የወጣው ድንጋይ ራሱ መታሰቢያ ነው፣ አርማታ ምን ይጨምርለታል አሉ። በአደባባዩ ዙሪያ የሚኖሩና የሚነግዱ ሰዎች ስለ መኪና ማቆሚያና ስለ ገበያቸው አጉረመረሙ። መታሰቢያው ይተው የሚሉም ነበሩ። በመጨረሻ የምኩራቡ ቅሪት ከመሬት በታች በሙዚየም ተጠብቆ እንዲታይ፣ መታሰቢያውም ኦሪት ከሚነበብበት መድረክ ቅሪት በላይ እንዳይቆም አንድ ሜትር ያህል ፈቀቅ እንዲል ተደርጎ፣ ከታሰበው አራት ዓመት ዘግይቶ ጥቅምት 25 ቀን 2000 ተመረቀ።

የመታሰቢያው መልክ እንዲህ ነው። ርዝመቱ 10 ሜትር፣ ወርዱ 7 ሜትር፣ ቁመቱ 3.8 ሜትር የሆነ ግራጫ የአርማታ ቤት ነው። ልኩ በአደባባዩ ዙሪያ ካሉት መኖሪያ ቤቶች የአንድ ክፍል መጠን ታስቦ የተወሰነ ነው። መስኮት የለውም። በፊቱ ባለ ሁለት ተከፋች በር አለው፤ በሩ ግን እጀታ የለውም፤ አይከፈትምም። የቀሩት ግድግዳዎች ከላይ እስከ ታች መደርደሪያ ናቸው፤ በመደርደሪያዎቹም ላይ መጻሕፍት ተደርድረዋል፤ ሁሉም በአርማታ። ሁሉም የወረቀታቸውን ጠርዝ ወደ ተመልካቹ፣ ጀርባቸውን ወደ ውስጥ አዙረዋል። በጣራው ላይ ደግሞ ከኮርኒስ መካከል መብራት የሚንጠለጠልበት የጌጥ ክብ ቅርጽ አለ፤ ይህን የሚያየው ከጎረቤት ቤት ፎቅ ሆኖ ቁልቁል የሚመለከት ሰው ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጸሐፊዎች፣ ክፍሉ እንደ ጓንት ወደ ውጭ ተገለበጠ ብለው ያልፋሉ። እኛ ግን ነገሩን ትንሽ ቀረብ ብለን እንመርምረው፤ የሥራው ቁልፍ ያለው እዚህ ነውና። መጻሕፍት በክፍል ውስጥ በግድግዳ ላይ ሲደረደሩ ጀርባቸው ወደ ክፍሉ፣ የወረቀታቸው ጠርዝ ወደ ግድግዳው ይሆናል። ግድግዳው ቢነሣና ሰው በግድግዳው ቦታ ቢቆም የሚያየው ጠርዙን ነው። ስለዚህ በቪዬና መጻሕፍቱ በስሕተት አልተገለበጡም፤ እንደ ደንቡ ነው የቆሙት። ትክክለኛ ቦታ ላይ ያልቆምነው እኛ ነን። የመጻሕፍቱ ርእስ የሚነበበው በክፍሉ ውስጥ ላለ አንባቢ ነው፤ ወደ ክፍሉ የሚያስገባው በር ደግሞ እጀታ የለውም። መደርደሪያው ሙሉ ነው፤ አንባቢው ነው የጠፋው።

ይህን ካስተዋልን በኋላ በመታሰቢያው ፊት የቆመ ሰው ምን እንደሚሰማው መናገር ይቻላል። መጽሐፍን የለመደ ሰው እጅ የተገለበጠ መጽሐፍ ሲያይ ሊያዞረው ይፈልጋል፤ በመግቢያችን ላይ ያነሣነው የቤተ መጻሕፍት ልማድ ይኸው ነው። እዚህ እጁ አርማታ ይነካል። የመጽሐፍ ቅርጽ ለሰው ሁሉ ግብዣ ነው፤ ሳብ አድርገኝ፣ ክፈተኝ ይላል። ቀራጺዋ ግብዣውን እንዳለ ትታ መልሱን ከለከለች። የተንበረከከው የነሐስ ሽማግሌ ለተመልካቹ ሁሉን አሳይቶት ነበር፤ የተዘጋው መጽሐፍ ምንም አያሳየውም፤ የጎደለው ምን እንደሆነ ግን እጁ ያውቃል። በአገራችን ማንበብ የማይችል ምእመን በማኅደር የተቀመጠውን የብራና መጽሐፍ ተሳልሞ የሚያልፈው፣ መጽሐፍ ሳይከፈትም መጽሐፍ ስለ ሆነ ነው። ንጽጽሩን ግን አናስረዝመውም፤ ያኛው መጽሐፍ ካህኑ ሲፈልግ ይከፈታል።

መጽሐፍ የተመረጠበት ሌላም ምክንያት አለ። አይሁድ ከጥንት ጀምሮ የመጽሐፍ ሕዝብ ተብለው ይጠራሉ። በስደት ዘመናቸው ሁሉ ቤተ መቅደስም አገርም ሳይኖራቸው ይዘው የዞሩት መጽሐፋቸውን ነው። ናዚዎችም ሰዎቹን ከማጥፋታቸው በፊት በመጻሕፍቱ ጀመሩ፤ ግንቦት 10 ቀን 1933 በበርሊን ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት ባለው አደባባይ አይሁድና ሌሎች የጻፏቸው መጻሕፍት በሺህ እየተቆጠሩ ተቃጠሉ። መጻሕፍቱን እየተሸከሙ ወደ እሳቱ የጣሉት ከሁሉ በፊት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ፤ ዘመቻውን ያዘጋጀውም የጀርመን ተማሪዎች ማኅበር ነው። መምህራንም ከመካከላቸው አልጠፉም። ይህን ለዚህ መጽሔት አንባቢ ደጋግሞ መናገር አያስፈልግም፤ ተማሪ ማን እንደሆነ፣ መምህርም ማን እንደሆነ እናውቃለን።

በዚያው በበርሊን አደባባይ በ1995 እስራኤላዊው ቀራጺ ሚሐ ኡልማን የሠራው መታሰቢያ አለ። ሰው በአደባባዩ ሲሄድ በእግሩ ሥር በድንጋዩ መካከል አንድ የመስተዋት ሰሌዳ ያገኛል፤ አጎንብሶ ሲያይ ከመሬት በታች ነጭ ክፍል፣ በክፍሉም 20,000 ያህል መጻሕፍት ሊይዙ የሚችሉ ባዶ መደርደሪያዎች ይታዩታል። ሁለቱን ሥራዎች ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይጠቅማል። ኡልማን መጻሕፍቱን አንሥቶ መደርደሪያውን ተወ፤ የተቃጠለው መጽሐፍ ነውና ልክ ነው። በቪዬና ግን መታሰቢያው የተሠራው ለተቃጠለ መጽሐፍ አይደለም፤ ለተገደለ ሰው ነው። ስለዚህ ኋይትሪድ መጻሕፍቱን ሁሉ በቦታቸው አቁማ አንባቢውን አነሣች። በእኛ አስተያየት የበርሊኑ ሥራ በዓይን ቶሎ ይገባል፤ እንዲያውም በጣም ቶሎ ይገባል። የቪዬናው ዘግይቶ ይገባል፤ ከገባ በኋላም አይለቅም።

ይህን ስንል በሥራው ላይ የተነሡትን ነቀፋዎች ለመሸፋፈን አይደለም። አንዳንዱ ነቀፋ ቀላል ነው፤ ምሽግ ይመስላል፣ ለውቡ አደባባይ አያምርም ተብሏል። ቪዘንታል ራሱ መታሰቢያው ለዓይን እንዲያምር አልፈለገም፤ እንዲያሳምም እንጂ። ስለዚህ ይህ ነቀፋ ሳይሆን ምስክርነት ነው። ሌላው ነቀፋ ግን ከባድ ነው። የተገደሉት ሁሉ ምሁራን አልነበሩም። ልብስ ሰፊዎች፣ ጫማ ሠሪዎች፣ በየመንገዱ የሚሸጡ ሰዎች፣ ፊደል ያልቆጠሩ ሕፃናት ነበሩ፤ ታዲያ በቤተ መጻሕፍት ምሳሌ መታሰባቸው ትክክል ነውን? ብዙዎቹ በቤታቸው ከጸሎት መጽሐፍ በቀር መጽሐፍ አልነበራቸውም። ለዚህ የምንሰጠው መልስ ግማሽ መልስ ብቻ ነው። በመደርደሪያው ያለው መጽሐፍ ሰውየው ያነበበው መጽሐፍ ነው ካልን ነቀፋው ያሸንፋል። መጽሐፉ ሰውየው ራሱ ነው፣ ሳይገለጥ የተዘጋ ሕይወት ነው ካልን ግን ልብስ ሰፊውም ሕፃኑም እኩል ቦታ አላቸው።

ይሁን እንጂ ይህ ሁለተኛው ትርጉም ሌላ ጥያቄ ያስከትላል፤ በበኩላችን ሥራው ሙሉ በሙሉ አልመለሰውም እንላለን። በ1997ቱ የጀሶ ክፍል እያንዳንዱ መጽሐፍ የራሱ ውፍረትና ቁመት፣ አንዳንዴም የራሱ ቀለም ነበረው። በቪዬና ግን መጻሕፍቱ አንዱ እትም ተደጋግሞ የቆመ እስኪመስል ድረስ ይመሳሰላሉ። ይህ የብዛቱን ስፋት፣ ሰዎች እንደ ቁጥር መቆጠራቸውን ያሳያል የሚሉ አሉ። ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ሰዎችን አንድ ዓይነት አድርጎ የመቁጠር ሥራ የገዳዮቹ ሥራ ነበር፤ መታሰቢያ ይህን ከመድገም ቢቆጠብ እንመርጥ ነበር። የጀሶው መደርደሪያ በዚህ ረገድ ይበልጥ ሰብአዊ ነው እንላለን። አርማታ በአደባባይ ዝናብና በረዶ መቻል እንዳለበት፣ ጀሶም በሙዚየም ውስጥ ካልሆነ እንደማይጸና አንዘነጋም። የተነሣው ነጥብ ግን የአርማታውን ጥንካሬ ሳይሆን የመጽሐፉን መልክ የሚመለከት ነው።

በዚሁ አደባባይ ከመታሰቢያው ፊት ለፊት የጀርመናዊው ጸሐፊ የሌሲንግ ሐውልት ቆሟል። ሌሲንግ በ18ኛው ክፍለ ዘመን በሃይማኖት መቻቻል ላይ ድራማ የጻፈ፣ ለአይሁድ የተሟገተ ሰው ነው። የመጀመሪያውን ሐውልት ናዚዎች አንሥተው አጠፉት፤ ቀራጺው ዚግፍሪድ ሻሩ ሁለተኛ ሠራ፤ ያም በ1981 ወደ አደባባዩ ተመለሰ። እንግዲህ አንድ ጸሐፊ ቆሞ፣ ሊያነባቸው የማይችላቸውን መጻሕፍት ሲመለከት ይውላል። ይህን ቀራጺዋ አላዘጋጀችውም፤ ቦታው ራሱ የሰጠው ነው።

በመታሰቢያው ላይ የሚነበብ ፊደል ፈጽሞ የለም ብንል ግን ስሕተት ይሆናል። ከበሩ ፊት በመድረኩ ወለል ላይ በጀርመንኛ፣ በዕብራይስጥና በእንግሊዝኛ፣ ከ1938 እስከ 1945 በናዚዎች የተገደሉት ከ65,000 በላይ የኦስትሪያ አይሁድ መታሰቢያ መሆኑ ተጽፏል። በቀሩት ሦስት ጎኖች ደግሞ በመደርደሪያዎቹ ሥር፣ በመሠረቱ ዝቅተኛ ጠርዝ ላይ፣ እነዚህ ሰዎች የተገደሉባቸው ቦታዎች ስም ተቀርጿል፤ ከአርባ በላይ ናቸው። አውሽቪትስ፣ ትሬብሊንካ፣ ሶቢቦር፣ ቡኸንቫልድ፣ ሪጋ፣ ሚንስክ እያለ ይቀጥላል። በሚንስክ አጠገብ የምትገኘው ማሊ ትሮስቲኔትስ የምትባል ቦታም አለች፤ ወደ 10,000 የሚጠጉ የኦስትሪያ አይሁድ ያለቁት እዚያ ነው፤ ስሟን ግን ከታሪክ ተማሪ በቀር የሚያውቃት ጥቂት ነው። ጽሑፉ የተቀረጸው ዝቅ ብሎ ነው። ቆሞ አይነበብም፤ ሊያነብ የሚፈልግ ሰው ከመጻሕፍቱ ሥር ማጎንበስ አለበት።